የጨረቃው ንጉሥ አስተርጓሚ

ሐብሩ ውስጥ፣ መርሳ ከተማ አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ፣ ለመማሪያ ክፍሎቹ ጣሪያ ገንዘብ ለማሰባሰብ ቴአትር አሳይተን ነበር። ደራሲው ባልደረባዬ ነው። እኔ ከጨረቃ የወረደ ንጉሥ ሆኜ ተወንኩ። ንጉሡ የሚናገርበትን ቋንቋ ባልደረባዬ አንድ ምሽት ቁጭ ብሎ ፈጠረው። ትርጉም የለውም፤ ለጆሮ እንዲጥም ብቻ ነው የደከመበት። ቋንቋውን አሳምሮ ያውቃል የሚባለው ንጉሥ እኔ ነበርኩ፤ እኔም የማውቀው ነገር አልነበረም።

ከወልድያ የመጡ አንድ ሹም ከመድረኩ ሥር ተቀመጡ። አጠገባቸው ጸሐፊያቸው አለ፤ አምስት ቋንቋ እችላለሁ የሚል፣ አንዱንም ሲናገር ሰው ሰምቶት የማያውቅ። አፌን ስከፍት ሹሙ ዘወር ብለው፣ "ምን ይላል?" አሉት።

አላውቅም ማለት ለእሱ ሞት ነው። "ለግርማዊነታቸው ረጅም ዕድሜ ይመኛል፣ ጌታዬ።"

ሹሙ ብድግ አሉ። እሳቸው ሲነሡ አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

በሳምንቱ ወልድያ፣ ሹሙ ዘንድ ተጠራን። አንድ ወሬኛ፣ "በማይታወቅ ቋንቋ ንጉሠ ነገሥቱን ነው የሰደቡት" ብሎ ነግሮብናል። የባልደረባዬ ሚስት እርጉዝ ነበረች፤ እሱ ደግሞ ሥራው ቀርቶ ነጻነቱም አጠራጣሪ ሆነ።

"ያ የጨረቃ ንግግር ምን ማለት ነው?" አሉት ሹሙ ባልደረባዬን።

"ምንም ማለት አይደለም፣ ጌታዬ። ዝም ብዬ የፈጠርኩት ነው።"

የሹሙ ፊት ጠቆረ። "ታዲያ እኔ ለምንም ነው ብድግ ያልኩት?"

አሁን ስድቡ ተረሳ፤ የሚያሳስረን ይህ ሆነ። ባልደረባዬን በክርኔ ጎሰም ባደርገው አልገባውም። ያን ጊዜ ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገ።

"ትሕትና ይዞት ነው፣ ጌታዬ። ምርቃት ነው፤ ልተርጉምልዎ?"

ተረጎመ። እኔ በአንድ ትንፋሽ የጨረስኩት ነገር በእሱ አፍ ረጅም ውዳሴ ሆኖ ወጣ። መጨረሻው ላይ ዝናቸው ጨረቃ ድረስ የተሰማ አንድ የወልድያ ሹምም ገቡበት።

ሹሙ ወደ ባልደረባዬ ዞሩ። "እንዲህ ነው?"

ባልደረባዬ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። "አዎ፣ ጌታዬ። እንዲህ ነው።"

"ታዲያ ምን ያስደብቅሃል? ሂድ፣ አስተምር።"

ኋላ ብዙ ዓመት ዜና ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ ብዙ የባለሥልጣን መግለጫ የተወለደው በዚሁ መንገድ ነው።

ጸሐፊው በር ድረስ ሸኘን። ልናመሰግነው ስንል ቀደመን። ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ፣

"አንተ ግን አነጋገርህን አስተካክል" አለኝ። "የጨረቃ ሰው እንደ ሐብሩ ባላገር ቃል አይጎትትም።"