ከግርጌ ወደ ላይ የምታነበው እህቴ

ታላቅ እህቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ላይ አቀርቅራ ስትኖር ከአንድ በቀር መጽሐፍ አላነበበችም። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቅ ነበር። ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበረች። ሥራዋ መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ፕሩፉን፣ ማለትም የሙከራ ኅትመቱን፣ እያየች ስህተት መልቀም ነው፤ ቀይ እስክሪብቶ በጣቶቿ መሀል፣ ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር። ባልደረቦቿ «ቀዮ» ይሏት ነበር። መልኳን አይተው እንዳይመስላችሁ፣ እስክሪብቶዋን ፈርተው ነው። እኔ ግን እታለም ነው የምላት።

ልጅ ሳለች የንባብ ጉድ ነበረች። ድስት እያማሰለች ታነባለች፤ ድስቱ ያራል። ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ቧንቧው ሥር ቁጭ ብላ ታነባለች፤ ባልዲው ሞልቶ ይፈስሳል። እናታችን «ይህቺን ልጅ የሚያገባ ሰው ጥሬ ሲቆረጥም ይኖራል» ትል ነበር። ትንቢቱ አልሰመረም፤ ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደህና በልቶ ነው የኖረው። ሲያገባት ንባቡ ቆሞ ነበራ።

የቆመውም እዚያው ማተሚያ ቤት ነው። በተቀጠረች በሁለተኛው ወር አንድ ልብ ወለድ ሰጧትና ታሪኩ ይዟት ጭልጥ አለ። በየገጹ አናት ላይ የሌላ መጽሐፍ ርዕስ ተጽፎ ኖሯል፤ እሷ ታሪኩን እንጂ አናቱን መች አየች? «ይታተም» ብላ ፈረመች። መጽሐፉ በዚያው ታትሞ ተጠረዘ። አለቃዋ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «የቀጠርንሽ እንድታርሚ እንጂ እንድታነቢ አይደለም» አሏት። ከዚያ በኋላ አንድ ሽማግሌ አራሚ ዘዴ አስተማሯት፦ ገጹን ከግርጌ ወደ ላይ ማየት። መጀመሪያ የመጨረሻውን መስመር፣ ከዚያ ከበላዩ ያለውን፣ እንዲያ እንዲያ እያሉ እስከ አናቱ። እንዲህ ሲሆን ታሪክ ሰውን አይወስድም። እታለምም ዳግመኛ አልተወሰደችም፤ ስህተትም ዳግመኛ አላመለጣትም።

መጽሐፍ መግዛት ግን አልተወችም። «ጡረታ ስወጣ የማነባቸው» እያለች ሠላሳ ስምንት መጻሕፍት መኝታ ቤቷ ውስጥ ደረደረች። ባሏ ካረፈ ወዲህ አብሬያት ስለምኖር አቧራቸውን የምጠርገው እኔ ነኝ።

ጡረታ በወጣች ማግስት ከቁርስ በኋላ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ አንዱን ከፈተች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እዚያው ክፍል ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም በእጄ እዘመዝማለሁ። ቀና ብዬ ሳያት እስክሪብቶው እጇ ላይ ነው። ተውኳት፤ የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ? በሳምንቱም ግን ያው ነው። አንድ እሑድ «ታሪኩ እንዴት ነው?» ብላት፣ «ሰውዬው ሞተ፤ ከዚያ ታመመ» አለችኝ። ከግርጌ ወደ ላይ እያነበበች ነዋ! ከት ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«ሚጣ፣ አልቻልኩም» አለች። «ፊደሉን ነው የማየው። ሰዎቹ የሉም። ድሮ እኮ አብሬያቸው ነበር የምውለው። አሁን ሁሉም ጠፍተውብኛል።»

ዓይኖቿ እንባ ሞሉ። በባሏ ለቅሶ እንኳ በሰው ፊት እንባዋን የዋጠች ሴት ናት።

በማግስቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ደወለችና ቅዳሜ መጥተው መጻሕፍቱን በሙሉ እንዲወስዱ ነገረቻቸው። «ለሚያነብ ይድረሱ፤ እኔ ቤትማ ተቀብረዋል» አለች። ሁለት ካርቶን አምጥታ ትሞላ ጀመር። እኔ ደግሞ ነገር ሲያንቀኝ ዝም ማለት አልችልም። እስከ ቅዳሜ አምስት ቀን አለኝ ብዬ እስክሪብቶዋንና ማስመሪያዋን ሰረቅሁና የክር ሳጥኔ ውስጥ ሸሸግሁ። ከዚያ ከካርቶኑ አንድ መጽሐፍ አወጣሁ።

«ዓይኔ ከመርፌው አይነሳም። አንብቢልኝ።»

«ምን ቆርጦኝ! ሬዲዮ ክፈቺ።»

«ሬዲዮውማ ስህተት ያበዛል።»

ሳቋ አመለጣትና ተቀመጠች። ችግሩ፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ማለት አንዱ ረቂቁን ሲጠራ ሌላው ፕሩፉን እያየ መከታተል ነው፤ ነጥቡ ሁሉ ሳይቀር ይጠራል። ስለዚህ እንዲህ ብላ ጀመረችልኝ፦ «ወንድምየው በሩን አንኳኳ፣ አራት ነጥብ፣ መልስ አልነበረም፣ አራት ነጥብ፣ አዲስ መስመር።»

«እታለም፣ ሰውዬው ደጅ ቆሟል እኮ! አስገቢው እንጂ! አራት ነጥብ የምን ነው?»

«ዝም ብለሽ ስፊ።»

ማክሰኞም ያው ነበር። ረቡዕ ነጥቦቹ እየቀነሱ መጡ፤ አንዱን ትጠራለች፣ ሁለቱን ትረሳለች። እኔ ሰምቼ እንዳልሰማ መስፋቴን ቀጠልኩ። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ታሪኩ ከረረ። ሃያ ዓመት ጠፍቶ የኖረው ወንድም ማንነቱን ሳይናገር እህቱ ቤት በእንግድነት ገብቷል። ሲገባ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፤ ሁለት ገጽ ሳይሄድ ሸሚዙ ሰማያዊ ሆነ። ፊደል ቢያመልጠኝ ሸሚዝ አያመልጠኝም።

«እንዴ! ቅድም ነጭ አልነበረም?»

«አፍሽን ዝጊ ሚጣ! ልታውቀው ነው እኮ!»

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። የሰው ስህተት ስትለቅም ዕድሜዋን የፈጀች ሴት፣ ሸሚዝ ዓይኗ ሥር ቀለም ሲቀይር ምን አገባሽ ብላ ጮኸችብኝ! ጣቴን እየመጠጥኩ በሆዴ እልል አልኩ። ምዕራፉ ግን እህትየዋ ሳታውቀው አለቀ፤ የዚያን ቀን በዚያው ተውነው።

ዓርብ ያለቀውን ዩኒፎርም ሳስረክብ ዋልኩና ሳናነብ ቀረን። ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ናቸው፤ ግራጫ ጋውን ለብሰው፣ የእጅ ጋሪያቸውን ደጅ አቁመው።

«እንደምን አደሩ እትዬ፤ መጻሕፍቱን ልወስድ ነበር።»

እታለም ከመስኮቱ አጠገብ ቀና እንኳ ሳትል «ይቀመጡ» አለቻቸው።

ተቀመጡ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ ካርቶኖቹን ያያሉ። አንድ ገጽ ተገለጠ። ሌላ ገጽ ተገለጠ። ሩብ ሰዓት ሲያልፍ ወደ እኔ ጠጋ አሉና በሹክሹክታ «እሳቸው ሥራ ይዘዋል እንዴ?» አሉኝ።

«የለም» አልኳቸው። «እያነበበች ነው።»

ይቅርታ ጠይቄ፣ እሷ አንብባ የጨረሰችውን አንድ በአንድ እኔው ራሴ እንደማመጣላቸው ነገርኳቸው። መጽሐፍ ያሳደጋቸው ሰው መሆን አለባቸው፤ በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ባዶ ጋሪያቸውን እየገፉ ሄዱ።

በትከሻዋ ላይ አጮልቄ ባይ፣ ሐሙስ ከተውንበት አርባ ገጽ አልፋለች።

«አንቺ ከዳተኛ! ያለ እኔ?»

«ልጠብቅሽ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።» ዓይኗ ቀልቷል፤ ፊቷ ግን በርቷል። «ነይ ተቀመጪ፣ የሆነውን ልንገርሽ።»

«እንዳትነግሪኝ! አንብቢልኝ።»

አርባውን ገጽ ወደ ኋላ ገልጣ ጀመረችልኝ። ምን እንደሚመጣ ታውቃለች፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሆናትም ካነበበችው። ቢሆንም እህትየዋ ወንድሟን በስሙ ስትጠራው የእታለም ድምፅ ተንቀጠቀጠ፤ ገጹን ገለጠችና ቀጠለች።