መቶ ሦስት ያልኳት ልጅ

ማስተማር የጀመርኩት ጊንጪ ነው፤ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል። ከኮሌጅ በወጣሁ በወሩ የአማርኛው ምድብ ሁለተኛ ክፍል ተሰጠኝ። ከስልሳ የማያንሱ ልጆች ናቸው፤ አብዛኞቹ ቤታቸው ኦሮምኛ እያወሩ ክፍል ውስጥ በአማርኛ የሚማሩ። እኔ የአምቦ ልጅ ነኝ፣ ሁለቱንም አውቃለሁ። ግን ክፍል ውስጥ ኦሮምኛ ከተናገርኩ አማርኛው አይገባቸውም ብዬ አፌን እጠብቅ ነበር።

ኅዳር ላይ የቁጥር ቤት የሚባለው ትምህርት ላይ ደረስን። ሰሌዳው ላይ ጣራና በር ያላቸው ሁለት ቤቶች ሣልኩና በቀኙ ላይ «አንድ ቤት»፣ በግራው ላይ «አስር ቤት» ብዬ ጻፍኩ። ልጆቹ ተከትለውኝ በዜማ አሉት። ድምፃቸው ሲያስተጋባ የገባቸው መስሎኝ ደስ አለኝ።

«አስራ ሦስትን መጥቶ የሚጽፍልኝ?» አልኩ።

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ዝምተኛ ነበረች፤ እጅጌው ጣቶቿን የሚሸፍን ሰፊ ሹራብ ትለብሳለች። እስከዚያን ቀን ድረስ እጇን አውጥታ አታውቅም። ጠመኔውን ተቀብላ መጀመሪያ 10 ጻፈች፤ አጠገቡ 3 ጨመረች። 103። ዞራ ፈገግ አለችልኝ።

ሳቅኩ።

ክፉ ሳቅ አልነበረም እያልኩ ራሴን ለዓመታት አጽናንቻለሁ። ግን ሳቅኩ። «ይኼ እኮ መቶ ሦስት ነው! መቶ ሦስት ብያለሁ እንዴ?» ስል ክፍሉ በሙሉ ተንጫጫ። ልጅቷ ጠመኔውን እንደያዘች ቦታዋ ተመለሰች። እረፍት ላይ ልጆቹ «መቶ ሦስት! መቶ ሦስት!» እያሉ ሲከተሏት በመስኮት አየሁ። የልጅ ጨዋታ ነው፣ ይረሱታል ብዬ ተውኩት። አልረሱትም፤ ዓመቱን ሙሉ ስሟ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ እጇን አላወጣችም። ስጠራት ትነሳለች፣ ግን አትመልስም። የመጀመሪያው መንፈቅ ሲያልቅ ካርዷ ላይ «ሒሳብ ላይ ደካማ ናት» ብዬ ጻፍኩና እናቷን አስጠራሁ። እናትየው አልመጡም።

አንድ ቅዳሜ ወደ አምቦ ለመሄድ መንገድ ዳር መኪና ስጠብቅ አገኘኋቸው። አውቶቡሶች በሚቆሙበት ቦታ ካሮት ይሸጣሉ። ልጅቷ ከኋላቸው ቁጭ ብላ ካሮት በቃጫ ታስራለች። ስታየኝ አቀረቀረች።

«አካም ጅርቱ፣ ባርሲስቱ!» ብለው፣ እንዴት ነዎት መምህርት ሲሉኝ ነው፣ ተነስተው እጄን ያዙኝ። «አስጠርተውኝ ነበር። ብቻዬን ስለሆንኩ ገበያውን ለማን ልተወው? ይቅር ይበሉኝ።»

ስለ ሒሳቧ ልነግራቸው ስጀምር አንድ አውቶቡስ ቆመና አንዱ ተሳፋሪ ያለውን ካሮት ሁሉ እንደሚፈልግ በመስኮት ተናገረ። እናትየው ወደ ልጃቸው ዞረው «ሜቃ?» አሏት፣ ስንት ነው ማለታቸው ነው።

ልጅቷ ካሮቱ ያለበትን ሳፋ አንዴ አየት አደረገችና «አፉርታሚ ቶርባ» አለች። አርባ ሰባት።

«መቼ ቆጠረችው?» አልኩ።

«ምን ትቆጥራለች፣ ታያለች እንጂ» አሉ እናትየው እየሳቁ። «እስሩ አስር አስር ነው። አራት እስር፣ ሰባት ፍሬ። ሁሌም የምታስረው እሷ ናት።»

እኔ ሰሌዳ ላይ ቤት እየሣልኩ ለማስረዳት የምደክምበትን ነገር ይህች ልጅ በእጇ ታውቀው ነበር። አስራ ሦስት በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ሲነገር አስሩ ይቀድማል፣ ሦስቱ ይከተላል። እሷም የሰማችውን ጻፈች፦ አስር፣ ከዚያ ሦስት። ሦስቱ የዜሮውን ቦታ እንደሚወስድ አልነገርኳትም። «ለምን እንዲህ ጻፍሽ?» ብዬ ብጠይቃት ኖሮ አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

«ጎበዝ ናት» አልኩ ለእናቷ።

«ታዲያ ካርዱ ላይ ለምን እንዲያ ጻፉባት?»

መኪናዬ መጣልኝና ተሳፈርኩ።

ሰኞ ዕለት እንጨት ለቃቅሜ ገባሁ። ልጆቹ አስር አስሩን አሰሩ፤ የተረፈውን ለብቻ አስቀመጡ፤ ከዚያ ጻፉ። ስንት ሳምንት አልገባ ያላቸው በአንድ ጠዋት ገባቸው። ልጅቷን መጥተሽ አሳዪ ብላት በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። ደብተሯን ሳየው አንድም ስህተት የለበትም። ያኔ በልጆቹ ፊት «ያን ቀን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። አስተማሪ ከናቁ በኋላ ማን ይሰማኛል ብዬ ዋጥኳት። ሰኔ ላይ ዝውውሬ ጸደቀልኝና ወደ አምቦ ተመለስኩ።

ባለፈው ክረምት አምቦ መናኸሪያ አንዲት ወጣት ከኋላዬ «ቲቸር!» አለችኝ። ዞሬ አየኋት፤ ላውቃት አልቻልኩም።

«መቶ ሦስት ነኝ እኮ» አለች እየሳቀች።

አቅፋ ሳመችኝ። ባኮ አክስቷ ጋ እየሄደች ነበር። ሰው እየገፋን እዚያው ቆመን፣ ስንት ዓመት ይዤው የኖርኩትን ነገርኳት፦ «ያን ቀን መሳቅ አልነበረብኝም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ኧረ ቲቸር! ልጆች ነበርን እኮ» አለች። ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። «ግን ከዚያ ወዲህ እርግጠኛ ያልሆንኩትን አልጽፍም። አስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ እንኳ፣ ምርጫ ሆኖ፣ ጓደኞቼ ዝም ብለሽ አጥቁሪ እያሉኝ፣ ባዶ የተውኩት ብዙ ነው። እጄ እምቢ ይለኛል።»

«ውጤቱስ?»

«ትንሽ ጎደለኝ። ለሚመጣው ዓመት እንደገና እፈተናለሁ።»

የተናገረችው ያለ ምንም ቅሬታ ነው፤ እሱ ነው የባሰብኝ። ረዳቱ «ባኮ! ባኮ የሞላ!» እያለ በሩን ሲደበድብ ሮጣ ገባች። አውቶቡሱ እስኪወጣ ቆሜ እጄን አውለበለብኩላት። ባዶ የተወቻቸው ጥያቄዎች ስንት እንደነበሩ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር። አልደፈርኩም።