ጽፈው እስኪጨርሱ

ጋሼ ካርታ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ተማሪዎች ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ አንድም ቀን መጽሐፍ ገልጠው ካርታ ሲስሉ ታይተው አያውቁም። ጠመኔውን ይዘው ከሰሌዳው ጫፍ ይነሳሉ፣ ወንዙን በአንድ ትንፋሽ ቁልቁል ያወርዱታል፣ ተራራውን በጠመኔው ጎን ዳበስ ዳበስ ያደርጉታል። ከዚያ እጃቸውን ያራግፉና ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው ልጆቹ ጽፈው እስኪጨርሱ ይጠብቃሉ። ይህ መጠበቅ ታዲያ የዋዛ አይደለም፤ አምስት ደቂቃም፣ ስምንት ደቂቃም ሊሆን ይችላል። አርባ እርሳስ ወረቀት ላይ ሲሄድ ከሩቅ የሚመጣ ዝናብ ይመስላቸዋል። በዚያ ድምፅ ውስጥ ቆመው፣ የሳሉት ወንዝ እውነት ሲፈስ ያዩታል።

ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ ጠመኔ የማይነካው፣ በጣት የሚታዘዝ ባለ ስክሪን ሰሌዳ ገዛ። ርዕሰ መምህሩ መምህራኑን ሰብስቦ ሁሉም የሁለት ሳምንት ሥልጠና እንደሚወስዱ፣ በመጨረሻም እያንዳንዱ ባዶ ክፍል ውስጥ አንድ ትምህርት በቪዲዮ ቀርጾ እንደሚፈተን ነገራቸው። ያላለፈ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል። ለጋሼ ካርታ የታሰበላቸው ሌላ ሥራ የመጽሐፍ መጋዘን መጠበቅ ነበር። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው፤ ርዕሰ መምህሩም እንደ ዕረፍት ይቁጠሩት ብሎ ሊያጽናናቸው ሞከረ። መጋዘኑ መስኮት የለውም። እንዲህ ያለ ዕረፍት ለጠላትም አይስጥ።

ማታ ምግብ አልወርድ አላቸው። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የስፌት መኪናቸውን አቁመው አዩዋቸውና፣ «አንተ ከልጆች ከራቅህ ታመህ ነው የምትቀርብኝ። ሂድና ተማር» አሏቸው።

ሄዱ። አሠልጣኟ ሠላሳ ዓመት የሞላት የማትመስል ቀጭን ሴት ነበረች። ገና በር ላይ ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸውና ያስታውሷት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ጋሼ ካርታ ዓይናቸውን ሳያሹ፣ እንዴት እረሳሻለሁ ብለው ዋሹ። ስንት ሺህ ልጅ በእጃቸው እንዳለፈ አንድዬ ይወቀው። ውሸታቸው እየከነከናቸው ከኋላ ሄደው ተቀመጡ።

ሥልጠናውስ ቢሉ፣ መከራ ነበር። አንዴ ንካ ሲባል ሁለቴ ይነካሉ፣ ሁለቴ ሲባል ጣታቸው ይፈራል። ወንዛቸው መሀል መንገድ ላይ እየተቆረጠ ባሕር ሳይደርስ ይቀራል። በሦስተኛው ቀን አጥፉት ሲባሉ ከኪሳቸው እርጥብ ጨርቅ አውጥተው ስክሪኑን ጠረጉት፤ አልፎ ተርፎ አቧራ ለማራገፍ እፍ አሉበት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ማታ ማታ ስልካቸውን በክር ማጠንጠኛ አስደግፈው ሲለማመዱ ባለቤታቸው ተማሪ ይሆኑላቸዋል። አንድ ቀን ተማሪዋ መቀስ እንደያዙ አንቀላፉና፣ ሲቀሰቀሱ ትምህርቱ በደንብ ስለገባቸው መሆኑን ማሉ። ከተሰጣቸው መመሪያ ውስጥ ጋሼ ካርታ በቃላቸው የያዙት አንዱን መስመር ነበር፤ በቪዲዮው ውስጥ ዝምታ ከአሥር ሰከንድ አይለፍ ይላል።

የቀረጻው ቀን ደረሰ። ክፍሉ ባዶ ነው፤ ከፊታቸው በሦስት እግር የቆመች ካሜራ ቀይ መብራቷን አብርታለች። ደህና ጀመሩ። ጣታቸውን ከስክሪኑ ጫፍ አስነሡ፣ ወንዙም ሳይቆረጥ፣ ሳይዘል፣ በአንድ ትንፋሽ ወርዶ ባሕር ገባ። ደስታቸው ልክ አጣ። እጃቸውን አራገፉ፤ የሚራገፍ አቧራ ግን አልነበረም። ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉና ቆሙ።

የከሰዓት ፀሐይ ባዶዎቹ ወንበሮች ላይ ተኝታለች። ጋሼ ካርታ እርሳሶቹን ሰሙ፤ ኋላ ለባለቤታቸው ምለው እንደነገሯቸው አርባውንም ሰሙ። ወንዙ ከሰሌዳው ወርዶ በወንበሮቹ መሀል ሲያልፍ፣ የልጆቹን ጫማ ሳያርስ በበሩ ሲወጣ አዩት። ምን ያህል ጊዜ እንደቆሙ አላወቁም። በመጨረሻ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሉት እንደኖሩት፣ «አንቺ መስኮት ጥግ ያለሽው፣ ጨረስሽ? አይዞሽ፣ እጠብቃለሁ» አሉ። እዚያ ቦታ ሁልጊዜ አንድ የሚዘገይ አይጠፋም። ዞር ሲሉ ወንበሩ ባዶ ነው። ቀዩ መብራት ያያቸዋል፤ ሰዓቱም አልቋል። በር ላይ ወረፋ የያዙ መምህራን አሉና ድጋሚ መቅረጽ የለም።

በማግስቱ መጋረጃ ተጋርዶ የሁሉም ቪዲዮ ታየ። የእሳቸው ተራ ሲደርስ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ወንዙ ወረደ፣ ከዚያ ዝምታ ሆነ። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ ሁለት አለፈ። ርዕሰ መምህሩ ሰዓቱን አየ፤ የሒሳቡ መምህር ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጋሼ ካርታ አንገታቸውን ደፍተው መጋዘኑን ያስባሉ፤ ከመደርደሪያው መሀል ወንበራቸውን የት እንደሚያደርጉ ሳይቀር አስበውታል።

በዚያ ጸጥታ መሀል አንድ ድምፅ ተሰማ። እርሳስ ነው። አሠልጣኟ ከፊት ተቀምጣ፣ በግራ እጇ፣ ቀስ ብላ ወንዙን በማስታወሻዋ ላይ ትስለዋለች። ስክሪኑ ላይ ያሉት ሰውዬ ያቺን መስኮት ጥግ ያለችውን ጨረስሽ ወይ ሲሏት፣ አሠልጣኟ ከወረቀቷ ቀና ሳትል፣

«ጨርሻለሁ መምህር» አለች።

መብራት ሲበራ ርዕሰ መምህሩ የአሥር ሰከንዱን ነገር አነሳ። እሷ መመሪያውን አወጣችና ያንን መስመር በእርሳሷ ሰረዘችው፤ ተማሪያቸው ሳለች ሌላው ማስታወሻ ደብተሩን ዘግቶ ሲወጣ እሷ ገና ግማሹን ትጽፍ እንደነበረ፣ ጂኦግራፊ የምታውቀው የሚጠብቃት ስለነበረ መሆኑን ነገረችው። ፈታኟም እሷው ነበረችና ከጋሼ ካርታ ስም ትይዩ «አልፈዋል» ብላ ጻፈች።

ሁሉም ሲወጣ ጋሼ ካርታ ወደ ኋላ ቀሩ።

«ልጄ» አሉ፣ «አስታውስሻለሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነበር። አሁንም ፊትሽ አልመጣልኝም።»

«በዚያው ቀን አውቄብዎት ነበር» አለች ካርታውን ከደብተሯ ገንጥላ እየሰጠቻቸው። «እርስዎ መቼ ፊቴን አይተው ያውቃሉ፤ ወደ መስኮቱ ዞረው አይደል የሚጠብቁን።»