የእትዬ አስካለ ምላጭ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ዊንጌት ከታክሲ ወርጄ ወደ ሥራ ስሄድ፣ አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳው ላይ እርጥብ ካኪ ሲተኩስ አየሁ። ካውያው የከሰል ነበር። ዛሬም የከሰል ካውያ የሚይዝ ሰው አለ እንዴ ብዬ ሳላበቃ እንፋሎቱ ደረሰኝ፤ የረጠበ ጥጥ፣ አመድና ትንሽ የተለበለበ ክር ይሸታል። እዚያው ቆምኩ። ታክሲ የሚጠብቁት ሰዎች ምን ነካት ሳይሉኝ አልቀሩም። እኔ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ እትዬ አስካለ ፊት ቆሜ ነበር።

እትዬ አስካለ አባቴ የሚሠራበት የልብስ ሰፊዎች ማህበር ሊቀመንበር ነበሩ። ዘመኑ የደርግ ነው። በየቤቱ ሲሰፋ የኖረው ሁሉ በማህበር ተደራጅቶ፣ ጉለሌ ውስጥ ከአንድ ነጋዴ በተወረሰ መጋዘን ገብቷል። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ መፈክር። በሩ ሲከፈት ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ያልፋሉ፤ የባህር ዛፉ ሽታ ከካውያው ጋር ይቀላቀላል። አሥራ ሁለቱ የስፌት መኪናዎች አንድ ላይ ሲረገጡ ሰው ከሰው አይሰማማም።

እትዬ አስካለ አጭርና ደልደል ያሉ፣ ሜትር ከአንገታቸው የማይለይ ሴት ነበሩ። በሹራባቸው ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ምላጭ አይጠፋም። ጴንጤ ናቸው ይባላል። የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ እሑድ እሑድ መስኮት ዘግተው ቀስ ብለው እንደሚዘምሩ ሰፈሩ ያውቃል፤ ቀበሌውም ያውቃል። አንድ ጥፋት ቢገኝባቸው እንደማይታለፉ እኔ ልጅቷ እንኳን ሰምቻለሁ።

ሠራተኛ ሲጣላ አይጮሁም ነበር። "መኪና ይቁም!" ይላሉ። ሁሉም እግሩን ከመርገጫው ያነሳል። ከዚያ ሁለቱን ጠበኞች አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጡና የተበላሸ ልብስ እንዲተረትሩ ያዛሉ። አንዱ ስፌቱን ወጥሮ ይይዛል፣ ሌላው በምላጩ ክሩን ይበጥሳል፤ እኩሌታው ላይ ይቀያየራሉ። ተርትረው ሳይጨርሱ ስለ ጠቡ መናገር ክልክል ነው። ያኔ ቅጣት ይመስለኝ ነበር። ምላጭ የያዘው የሌላውን ጣት ሳያይ መሥራት እንደማይችል፣ የወጠረውም እጁን ለተጣላው ሰው አምኖ መስጠት እንዳለበት የገባኝ በኋላ ነው።

በዚያ ነሐሴ ማህበሩ ለአንድ ትምህርት ቤት የሴቶች ጉርድ እየሰፋ ነበር፤ ሰማያዊ ካኪ፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ። የመካከለኛው ልክ የተወሰደው ከኔ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የተሰፋው ጉርድ እንደ ደንባቸው ለኔ ተሰጠ። እናቴ አጠበችው። ለብሼው እንዳሳይ አባቴ ከዝናቡ በጋቢው ሸፍኖ ይዞኝ ሄደ። ኩራቴ ለጉድ ነው! በሩን አልፌ ጋቢውን ስገልጥ ግን አንዷ ሰፊ ሳቀች፤ ሌላዋም ቀጠለች። ጉልበቴ ወጥቷል፤ የወገቡ ቁልፍ ደግሞ አልገጥም ብሎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ወዲያው ሳቁ ጠፋ። ሌሎቹ ጉርዶች ጥቂት ሲቀሩ ተሰፍተው እስከ መስኮቱ ተከምረዋል፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት የቀሩት ቀናት ጥቂት ናቸው።

አባቴ ቆራጭ ነበር። ስሙ ተሰማ ነው፤ ንዴቱ እንደ ክብሪት ነው።

"እኔ የቆረጥኩት በልኩ ነው!" አለ ወደ ጋሽ በዳዳ ዞሮ። "አንተ ስፌቱን ሁለት ጣት እያስገባህ ነው ያሳጠርከው!"

ጋሽ በዳዳ የሰፊዎቹ ኃላፊ ነበር፤ ከሱሉልታ በኩል የመጣ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም የሚቀልድ ሰው። ያን ቀን አልቀለደም።

"አሳጥረህ የምትቆርጠውማ አንተ ነህ። ቁራጩ የት እንደሚገባ አናውቅም እንዴ?"

"ሌባ ነው የምትለኝ? ይሄ አሻጥር ነው! አሁኑኑ ቀበሌ ሄጄ አስመዘግብሃለሁ!"

አሻጥር የሚለው ቃል ያኔ ስድብ አልነበረም፤ ከስድብ የባሰ ነበር። በዚያ ስም የተጠራ ሰው ከቤቱ ይወሰዳል፤ የት ሄደ ብሎ መጠየቅም ሌላ ጣጣ ነው። የጋሽ በዳዳ ልጅ ጫልቱ ከኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የምትቀመጠው። በአባቴ አፈርኩ፤ ስለ እሱም ፈራሁ፤ ጋሽ በዳዳም ቢሆን ስለ ቁራጩ የሚያወራው አያጣም ነበርና። ሁሉም የመጣው እኔ በለበስኩት ጉርድ መሰለኝና ማልቀስ ጀመርኩ።

"መኪና ይቁም!"

እትዬ አስካለ ሄደው በሩን ቆለፉና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። "ያ ቃል ከዚህ በር አይወጣም" አሉ። "የሰማችሁ አልሰማችሁም።" ከዚያ ወደ እኔ መጥተው እንባዬን በእጃቸው ጠረጉልኝ፤ ከካኪው ጥቅል ጀርባ ወስደው ጉርዱን አስወለቁኝና በራሳቸው ፎጣ አሸረጡኝ። ጉርዱንና ምላጩን ለሁለቱ ሰጡ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አባቴ ወጥሮ ያዘ፤ ጋሽ በዳዳ ይተረትራል። ምላጩ ወደ አባቴ ጣት ተጠጋ።

"ቀስ" አለ አባቴ።

"አየሁት፣ ጣትህን አየሁት" አለ ጋሽ በዳዳ።

እኩሌታው ላይ ተቀያየሩ። መጨረሻው ላይ አባቴ የስፌቱን ቦታ በጣቱ ለካ፤ ደግሞ ለካ። "አንድ ጣት ነው" አለ። "ስፌቱ ልክ ነው።" ጋሽ በዳዳ ደግሞ ተቆርጦ ካልተሰፋው ክምር አንድ ጨርቅ አንስቶ ልኩ በተሠራበት ወረቀት ላይ ዘረጋው። "ቆረጣውም ልክ ነው" አለ። ከዚያ ሁለቱም መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ቀና ብዬ ሳይ አሥራ ሁለቱም ሰፊዎች መሬት መሬት ያያሉ።

እትዬ አስካለ የታጠበውን ወረቀቱ ላይ አኖሩት። ሦስት ጣት ያንሳል። ካኪ ሳይቆረጥ በፊት ውኃ ውስጥ አድሮ መድረቅ አለበት፤ አለዚያ ተሰፍቶ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ይህን ጀማሪ ሰፊ እንኳን ያውቀዋል። በዚያ ነሐሴ ግን ዝናቡ አላደርቅ ቢል፣ ሳይነከር ይቆረጥ ተብሎ ነበር።

"ተሰማ፣ ሳይነከር ቁረጥ ስልህ ምን አልከኝ?"

"ምንም አላልኩም፣ እትዬ።"

"አንተስ በዳዳ?"

"እ... ማለቴ፣ እርስዎ ካሉ በኋላ እንዴት ብዬ?"

እትዬ አስካለ ጉርዱን አጣጠፉ። "እኔን ፈርታችሁ እርስ በርስ ልትበላሉ ነበር" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ያዘኑት በራሳቸው ነበር። የማህበሩን ቃለ ጉባኤ መዝገብ አወጡና እየጻፉ ጮክ ብለው አነበቡ፦ "ካኪው ሳይነከር እንዲቆረጥ ያዘዝኩት እኔ አስካለ ነኝ። ቆራጩም ሰፊውም ጥፋት የለባቸውም።"

አባቴ ብድግ አለ። "እትዬ፣ ይሄን አይጻፉ! ምን ሊያደርጉዎት እንደሚችሉ እያወቁ!"

"ታዲያ የማንን ስም ልጻፍ? ያንተን ወይስ የሱን?"

አባቴ ተመልሶ ተቀመጠ። ያን ቀን ካየሁት ሁሉ ያልረሳሁት ፊቱን ነው።

ጉርዶቹ በሙሉ ተዘፈዘፉ፤ ካውያዎቹ ሁሉ በከሰል ተሞሉ፤ ጉርዶቹም በእሳታቸው ተተኩሰው ደረቁ። የታችኛው እጥፋት ተፈትቶ ወረደ፤ ቁልፎቹ ፈቀቅ ተደረጉ። አባቴና ጋሽ በዳዳ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሠሩ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ልጆቹ ለበሱት። እትዬ አስካለ መዝገቡን ራሳቸው ይዘው ቀበሌ ቀረቡ፤ በመስከረም አጋማሽ ከሊቀመንበርነታቸው ተነሱ። አለመታሰራቸውን እናቴ እንደ ተአምር ነበር የምታወራው።

ብርድ በሚገባበት በር አጠገብ አንድ መኪና ተሰጣቸውና እንደማንኛውም ሰው ይሰፉ ጀመር። አባቴ እንደነገረን፣ አንድ ቀን ሁለት ሴቶች በካውያ ተራ ተጣሉ፤ አዲሱ ሊቀመንበር ጮኸ፣ ጠረጴዛ መታ፣ የሰማው የለም። መኪናዎቹ ግን ማንም ሳያዝ አንድ በአንድ ቆሙ፤ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። እትዬ አስካለ ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ ምላጩን ከኪሳቸው አውጥተው ለጠበኞቹ እንድታደርስ አጠገባቸው ላለችው ሴት አቀበሏት። አባቴና ጋሽ በዳዳ እስከ ጡረታቸው ሲነታረኩ ኖሩ። ቀበሌ እሄዳለሁ የሚለውን ነገር ግን አባቴ ለማንም ሲናገር ዳግመኛ አልሰማሁም።

ዛሬ እኔ ጳውሎስ አካባቢ በአንድ ክሊኒክ የካርድ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ስለ ግጭት አፈታት ስንት ስልጠና ገብቻለሁ፤ ሻዩ ጥሩ ነበር። ያን ማክሰኞ ቢሮ ስደርስ አንድ የክስ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ሁለት ሠራተኞቼ የአንድ በሽተኛ ካርድ አንቺ ነሽ የጣልሽው፣ አንቺ ነሽ ተባብለው ሦስት ቀን ሲነታረኩ ሰንብተዋል፤ አንዷ ከሥራ እንድትታገድ የሚቀረው የኔ ፊርማ ብቻ ነው። የካኪው ሽታ ገና ከአፍንጫዬ አልወጣም። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩና ጠራኋቸው።

"የካርዱ መደርደሪያ እንዲቀየር ያዘዝኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው። "የትኛው ካርድ የት እንደሚሄድም ጽፌ አልሰጠኋችሁም። ካርዱ የጠፋው በዚህ እንደሆነ ታውቁ ነበር?"

ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።