አባትየውን አስገቡት

ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ቢሮ የብርድ ልብስ ማከማቻ ነበር። ኃላፊው በሩን ከፈቱልኝና «መርፌ ትወጊያለሽ?» አሉኝ።

«የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ» አልኳቸው።

«እሱስ ይሁን፤ መርፌስ?»

ጡረታ እስክወጣ ይህንኑ ጥያቄ ስመልስ ኖርኩ። ሲስተር አይደለሁም ብዬ ስንቱን ላርም? በመጨረሻ ሲስተር ሆኜ ቀረሁ።

ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን የአባቶች ነገር ነው። እናት ልጇን ይዛ ትገባለች፤ አባት አጥር ሥር ከጥበቃው ጋር ፀሐይ ይሞቃል። «ግቡ እንጂ» ሲሏቸው «እሷ ታውቃለች» ይላሉ።

ስለ ልጆች የፆታ ማንነት የተማርነው ደግሞ ያለ አባት አይቆምም። አንደኛው ሐሳብ፣ ወንድ ልጅ ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላ እናቱን ለብቻው ይፈልጋል፣ በአባቱ ይቀናል፣ ይፈራዋልም፤ ከጭንቁ የሚወጣው አባቱን መምሰል ሲጀምር ነው ይላል። ሌላው፣ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ከእናቱ ጋር አንድ ነው፤ ሴቷ እዚያው ትቀጥላለች፣ ወንዱ ግን ራሱን መለየት አለበት ይላል። እሺ፣ ይሁን። አባትየው አጥር ሥር ቁጭ ብሎ ልጁ ማንን ይምሰል?

አንድ መስከረም ከአንኮበር በኩል አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጅ ይዛ መጣች። ቀሚስ ለብሷል፣ ጆሮው ተበስቷል፣ ጸጉሩ ሹሩባ ተሠርቷል። ወንድ ነው። ከእሱ በፊት ሁለት ወንዶች ልጆች ሞተውባታል፤ ሦስተኛውን ሞት እንዳያውቀው ብላ በሴት ልብስና በሴት ስም አሳደገችው። ማሚቱ ይሉታል። እንዲህ ያደጉ ልጆች ብዙ አይቻለሁ፤ ለትምህርት ሲደርሱ ይላጫሉ፣ ሱሪ ይለብሳሉ፣ ነገሩ ያበቃል። ይሄኛው ግን መቀስና ሱሪ ያየ ቀን አልጋ ሥር ገባ። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀምስ ብሎ ክንዱ እንጨት አክሏል።

አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ሐኪም ዐይኑ በራ። «አየሽ ሲስተር፣ መጽሐፉ ያለው ይኸው ነው! ከእናቱ አልተለየም። ሴት ነኝ ብሎ አምኗል።»

«ጠይቀኸዋል?»

«ምን ይጠየቃል፣ ግልጽ ነው እኮ! እስከ ነገ ካልበላ በአፍንጫው ቱቦ እናስገባለን።»

አቤት፣ ግልጽ ነገር ስንወድ!

እናትየውን አስወጥቼ ከልጁ ጋር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። «ማሚቱ፣ ወንድ ነሽ ሴት?» አልኩት።

በሩን አየ። ከዚያ ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ «ወንድ» አለኝ።

«ታዲያ ሱሪው ምን አደረገሽ?»

«ቀስ በይ፣ ይሰማል።»

«ማን?»

«ሞት። ወንድ መሆኔን እስካሁን አላወቀም።»

ልጁ ማንነቱ አልጠፋበትም። እኛ ነን ተሰብስበን ከተደበቀበት ውጣ እያልን የምንጨቀጭቀው።

«አባቱስ የት ናቸው?» አልኳት እናትየውን።

«ደጅ ናቸው።»

እንዴታ! የት ሊሆኑ ኖሯል! ወጣሁ። መሪጌታ ናቸው፤ ጥምጥማቸውን አሳምረው ጃንጥላ ዘርግተው ቆመዋል።

«መሪጌታ፣ ልጅዎን በስሙ ጠርተውት ያውቃሉ?»

«ክርስትና ከተነሣ ወዲህ ጠርቼው አላውቅም።»

«አቅፈውትስ?»

ጃንጥላቸውን ዝቅ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ። ደሜ ፈላ። «ምን ዓይነት አባትነት ነው ይሄ?» ብዬ ጮኽኩባቸው።

«ሲስተር» አሉ ቀስ ብለው፣ «ያቀፍኳቸውን ሁለቱን በእጄ ቀበርኩ። ይሄን የራቅሁት እንዲተርፍልኝ ነው።»

ንዴቴ ግን አልበረደም። «እንዲተርፍ ብለው ራቁት፣ አሁን በረኀብ ሊሞት ነው። እርስዎ የሚፈሩትን ነው የሚፈራው። እርስዎ ካልደፈሩ ከማን አይቶ ይድፈር?»

ጃንጥላቸውን አጥፈው ተከተሉኝ። ገብተው በሩን ከኋላቸው ዘጉ። «ወልደ ሰንበት» አሉ በሹክሹክታ። ልጁ አልተነቃነቀም። ከዚያ ማኅሌት እንደቆመ ሰው በሙሉ ድምፃቸው፣ «ወልደ ሰንበት! ወንድ ልጄ!» አሉ።

ልጁ ጆሮውን ይዞ ጣሪያውን አየ፣ በሩን አየ፣ ጠበቀ። በሩ ተከፈተ። የገባው ወጣቱ ሐኪም ነበር፤ «እዚህ አይጮኽም» ሊል።

መሪጌታ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ልጃቸውን አቀፉት። እንባቸው ጺማቸው ላይ እየወረደ ከስልቻቸው ዳቦ አውጥተው ቆረሱ። ልጁ አባቱ ሲያኝኩ እያየ አኘከ፤ እሳቸው ሲጎርሱ ጎረሰ። ቱቦው ቀረ። ሹሩባው እስኪላጭ ጊዜ ወሰደ፤ መቀሱን የያዙት አባቱ ነበሩ።

«አየሽ» አለኝ ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ፣ «አባቱን መሰለ። መጽሐፉ ልክ ነበር።»

በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝም። ልክማ ነው፤ አባትየው ሲገባ አይደል እንዴ!

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው ይኸው ነው። ስለ ልጅ ወንድነትና ሴትነት ከመወሰናችሁ በፊት ምን እንደሚፈራ ጠይቁት። አባትየውንም ከደጅ አስገቡት።