የፍሬን አቧራና የጾም ወተት

ባሌ ፍሬን ሠሪ ነበር። ሞተር ለሚፈቱት ጓደኞቹ «እናንተ መኪናውን ታስኬዳላችሁ፣ እኔ ሰውየውን ቤቱ አደርሰዋለሁ» እያለ ይኮራባቸው ነበር። ጋራዡ ከሐረር ግንብ ውጭ፣ ቤታችን ደግሞ ከግንቡ በሮች አንዱ በሆነው በፈላና በር አጠገብ ነው። የደንገጎን ዳገት ሲወጡ ሲወርዱ የፍሬን ሸራቸውን የጨረሱ የጭነት መኪኖች እሱ ዘንድ ይቆማሉ። ጎማው ይወልቃል፤ ከጀርባው ያለው ታምቡር የሚባለው ክብ ብረት ይከፈታል። ሸራው ብረቱን እየታከከ ነው መኪናውን የሚያቆመው፤ የታከከው ደግሞ እንደ በሶ የላመ አመድማ ዱቄት ሆኖ እዚያው ይጠራቀማል። ባሌ ዱቄቱን በኮምፕሬሰር ንፋስ ያስወጣዋል። አፍንጫው ስር ነው የሚቦነው።

ቱታውን የማጥበው እኔ ነኝ። ውሃው ስንት ጊዜ ቢለወጥ አይጠራም። ለጎረቤቶቼ ስለ ጥቁረቱ ማማረር ደስ ይለኝ ነበር፤ ሥራ ያለው ባል አለኝ ማለት ነውና።

በጋራዡ አንድ ልማድ ነበር፤ ከሥራ ሲወጡ ሁሉም ወተት ይጠጣሉ። ወተት አቧራውን ያጥባል ይባላል፤ ማን እንዳለው የሚያውቅ የለም። እስላሞቹ በረመዳን እስከ ማፍጠሪያ ያቆዩታል። የእኛዎቹ ግን በጾም ወራት ጨርሰው ይተዉታል፤ ባሌም ከልጅነቱ ጀምሮ ጾም ገድፎ አያውቅም። ሳሉ የጀመረው በሁዳዴ ነበር፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ምክንያቱን አወቀ። ወተቱን ስለተወ ነው ተባለ። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

የነፍስ አባታችንን ቤት ጠራኋቸው። «መድኃኒት አይከለከልም» አሉት። «እንደ መድኃኒት ቆጥረህ ጠጣው፣ ልጄ።»

እንቢ ብሎ ሰነበተ። ሳሉ ሲብስበት ጠጣ፤ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው። ወተቱን ከገጠር የምታመጣልን ሴት «ወላሂ፣ ጠብታ ውሃ የለበትም» ትለኛለች፤ እኔ ግን በየቀኑ እነዘንዛታለሁ። ባሌ ካልዳነ ጥፋቱ የወተቱ መቅጠን መሆን ነበረበት። በሁዳዴም፣ በፍልሰታም፣ በገና ጾምም እንዲሁ ሲጠጣ ዓመታት አለፉ። በኋላ ከፈረስ መጋላ ገበያ ስንመለስ የሱቅ ዕቃ የሚያይ እየመሰለ መቆም ጀመረ። ምንም አይገዛም፤ ትንፋሽ ነው የሚያጥረው።

በዚያው ዓመት ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ራጅ አነሱት። ሐኪሙ «አቧራው ሳንባህ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። የሚያወጣው መድኃኒት የለም፤ ደኅና ምግብ ብላ» አለው።

«ወተቱስ?» አለ ባሌ።

«ወተት የሚሄደው ወደ ሆድ ነው። ሳንባ ጋ አይደርስም።»

ደሜ ፈላ። ለየበዓሉ በግ ሲታረድ የምግቡና የትንፋሹ ቧንቧ ለየብቻ መሆኑን ያላየ ሰው በሐረር አለ? ያ ሁሉ ሰው፣ ቄሱ ሳይቀሩ፣ አንዳችን እንኳ አላሰብነውም።

መንገድ ላይ ስለ ሞት ያወራል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን «ታዲያ ጾሜን በምን ምክንያት ገደፍኩት?» አለኝ።

ለፋሲካ ዶሮ ሠራሁ፤ አልቀመሰም። ሽሮ በዘይት ስጪኝ አለ። በማግሥቱም፣ ከዚያም በኋላ ያው ሽሮ ነው። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ኃጢአቱ የእኔ ይሁን አልኩት፤ እሱ ሽሮውን ወደ ራሱ ሳበ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን መጾም በእኛ ሃይማኖት ክልክል ነው። የነፍስ አባታችንን ደግሜ አስመጣኋቸው።

«አሁን እኮ ጾም የለም፣ ልጄ» አሉት አልጋው አጠገብ ተቀምጠው። «ጌታ ተነሥቷል፤ ብላ።»

«ፋሲካ ለጾሙት ነው፣ አባ» አላቸው።

ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመውት ወጡ። ሃምሳው ቀን ሳያልቅ ሞተ። ጎረቤቶች ለለቅሶው ይዘው የመጡት ወጥ ሁሉ ቅቤና ሥጋ ነበረበት። እሱ ጾሙን እንደያዘ ተቀበረ።