ለእማማ ጫልቱ የሠራሁት የዓሣ ገንዳ መቆሚያ

ሰበታ ባለው የእንጨት ሥራ ቤት የመጀመሪያ ቀን የተሰጠኝ ሥራ የሬሳ ሣጥን ክዳን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነበር። ባለቤቴ ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። አሠሪዬ ጋሽ ታደሰ ፊቴን አይተው፣ "የማርታ እናት፣ ከከበደሽ የወንበሩን ሥራ ልስጥሽ" አሉኝ። "ግድ የለም" ብዬ ቀጠልኩ። ልጄን ያሳደግኩት በዚያ ሥራ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

አልጋም ቁም ሣጥንም እንሠራለን። ሰፈሩ ግን የሚያውቀን በሬሳ ሣጥኑ ነው።

አንድ ቀን ኦቦ ለሜሳ የሚባሉ ሽማግሌ ከፉሪ መጡ። ባለቤታቸው እማማ ጫልቱ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል። ሐኪሞቹም ቤታቸው ይረፉ ብለዋል። እማማ ክሊኒክ ሲመላለሱ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ የዓሣ ገንዳ ነበር። እሱን እያዩ ተራቸው ደርሶ እንኳ መነሣት አይፈልጉም ነበር። ስለዚህ ቡራዩ የሚኖረው ልጃቸው የመስታወት ገንዳ አሠርቶላቸዋል። የቀረው መቆሚያው ነው።

"ብቻ ይድረስላት" አሉ ኦቦ ለሜሳ።

ልክ እንድወስድ ተላክሁ። እማማ ጫልቱ በጎናቸው ተኝተዋል፤ አንገታቸው አይነሣም። ጠያቂ ሴቶች ክፍሉን ሞልተውታል። ሰላምታ ሰጥቼ ሜትሬን ከወለሉ እስከ ትራሱ ዘረጋሁ። አንዷ ጎረቤት አወቀችኝ።

"ይቺ ሣጥን ሠሪዋ አይደለችም እንዴ? ሳትሞት ልትለኪያት ነው?"

"ለዓሣ ነው!" አልኩ።

"ደግሞ ትቀልዳለች!" ብላ ክንዴን ይዛ አስወጣችኝ።

ጋሽ ታደሰ ይህን ሲሰሙ፣ "ተይው፤ በወገብ ልክ እንሥራው። የሆቴሎቹ ሁሉ እንደዚያ ነው" አሉ።

"እማማ የሚያዩት ተኝተው ነው። በወገብ ልክ ከሆነ የሚታያቸው እንጨቱ ነው።"

"እንግዲያው ተመልሰሽ ተሰደቢ።"

በማግስቱ ተመለስኩ። ኦቦ ለሜሳ ሴቶቹን ወደ ሳሎን አወጡልኝ፤ ራሳቸውም አብረዋቸው ወጡ። ሜትሩን ትቼ ሲባጎ ይዤ ነበር። ተንበርክኬ ጉንጬን ትራሱ ጠርዝ ላይ አሳረፍኩና እማማ በሚያዩበት በኩል አየሁ። የገንዳው መሐል ከዓይናቸው ትይዩ እንዲውል አስልቼ ሲባጎውን ቋጠርኩ።

"ትናንት ያባረሩት አንቺን ነው?" አሉኝ።

"አዎ፣ እማማ።"

"በሳቅ ልትገድሉኝ ነበር። አንዱን ከለካሽ አይቀር ሌላውንም ለኪ።"

ቀና ብዬ አየኋቸው።

"ኋላ ልጆቼ ፊት ሜትር አታምጡብኝ። አሁን ለኪኝ። ለሽማግሌው እንዳትነግሪው።"

በልቤ እየጸለይኩ ሲባጎውን ከራሳቸው እስከ እግራቸው ዘረጋሁ። ሌላ ቋጠሮ አሰርኩ። "ገለቶሚ" ብለው አመሰገኑኝ።

መቆሚያውን ከደረቅ ጽድ ሠራሁት። ውሃ የሞላ ገንዳ እጅግ ከባድ ነው። ክብደቱ ብሎን ላይ እንዳያርፍ የላዩን ማዕቀፍ በቀጥታ እግሮቹ አናት ላይ አስቀመጥሁ። እግሮቹን በአግዳሚ እንጨት እርስ በርስ አያያዝኩ። ቫርኒሹ ሽታው እስኪጠፋ ደጅ አቆየሁት። ቤቱ በሚያብጥና በሚሰነጠቅ መረሬ አፈር ላይ ስለቆመ ወለሉ ዘሟል፤ መቆሚያውን ወስጄ እዚያው በውሃ ልክ እያየሁ ወለሉ ከፍ ባለበት በኩል ያሉትን እግሮች ከሥራቸው ቆረጥኩ።

ዝቅ ያለ ስለነበር ገንዳው እስኪመጣ ጠያቂዎች አግዳሚ ወንበር መስሏቸው ተቀመጡበት። ያባረረችኝ ጎረቤትም ተቀመጠች። "ጠንካራ ነው" አለች።

ገንዳው ተሞላ፤ ቀያይ ዓሦች ገቡበት። እማማ ጫልቱ አንገታቸውን ሳያነሡ አዩአቸው። ኦቦ ለሜሳም ከአልጋው ጎን ወለሉ ላይ ተቀምጠው በዚያው ከፍታ አብረዋቸው ያዩ ነበር።

እማማ ብዙ አልቆዩም። አንድ ጠዋት ኦቦ ለሜሳ ሥራ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ጋሽ ታደሰ ገባቸው፤ ሜትሩን አንሥተው ሊከተሏቸው ተነሡ።

"አያስፈልግም፤ ልኩ አለኝ" አልኩ። ሲባጎውን ከተሰቀለበት ሚስማር አወረድሁ።

ኦቦ ለሜሳ አንዱን ቋጠሮ ነክተው፣ "ይኼ ምንድን ነው?" አሉ።

"የዓሣው ነው።"

"ያኛውስ?"

"እሳቸው ናቸው ያስለኩኝ። ልጆቼ ፊት ሜትር አታምጡብኝ አሉ።"

ሲባጎውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። ከዚያ መለሱልኝ። "እንዳለችሽ አድርጊ" አሉኝ።

ክዳኑን ራሴ አለሰለስኩት። ነፍሳቸውን ይማር።

ሥራ ቤታችን ለሚገቡ አዲሶች የምነግራቸው ይህን ነው። የታመመ ሰው ቤት ስትሄዱ ሜትር ከማውጣታችሁ በፊት ለምን እንደመጣችሁ ለታማሚው ተናገሩ። ስትለኩም እሱ ባለበት ከፍታ ዝቅ ብላችሁ ለኩ።